አረንጓዴ ያልኳት ልጅ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ከትምህርት ቢሮው አንድ መጠይቅ በኢሜይል ደረሰኝ። «ስለ ሥራ ዘመንዎ በነፃነት ይንገሩን፤ ማንነትዎ አይገለጽም» ይላል። ከአናቱ ላይ ደግሞ «ውድ አቶ ጌታሁን» ይላል። ማንነቴ የማይታወቅ ከሆነ ጌታሁን መሆኔን ማን ነገራቸው? ሳልሞላ አጠፋሁት። ባለቤቴ አልማዝ ከጎኔ ሆና አይታ ሳቀችብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ አሁን ደግሞ ምን እንዳያደርጉህ ነው? እንዳያባርሩህ እንደሆነ ወጥተሃል» አለች። እውነቷን ነው። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ደግሞ እባቡን ያየሁት እዚሁ ሙያ ውስጥ ነው። ለመጠይቁ የነፈግኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ቢያንስ እዚህ ስሜን የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

ሲያትል ከመምጣቴ በፊት አሥራ ሰባት ዓመት ወሎ ውስጥ በአንዲት የወረዳ ከተማ አስተምሬያለሁ። እዚያም የመምህራን ማኅበር ነበረን። መዋጮው ደመወዛችን እጃችን ሳይገባ ይቆረጣል። ሊቀመንበሩን የምንመርጠው እኛ ነን፤ ማን እንደሚመረጥ ግን ከስብሰባው በፊት እናውቀዋለን። ኋላ «አንድ ለአምስት» የሚባለው መጣ። አምስት አምስት መምህራን በአንድ ጠርናፊ ሥር ሆነን በየሳምንቱ እንሰበሰባለን፤ ሂስና ግለ ሂስ እናደርጋለን፤ ቅጽ እንሞላለን፤ ቅጹ ወደ ላይ ይሄዳል። እስከየት ድረስ ወደ ላይ እንደሚሄድ የሚያውቅ አልነበረም።

በቡድናችን ይመር የሚባል የስድስተኛ ክፍል መምህር ነበር፤ ቅን ሰው። አንድ ቀን በቅጹ ላይ «ከተማሪዎቼ ግማሾቹ ስማቸውን እንኳ ማንበብ አይችሉም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ የኔዎቹም ከዚያ አይሻሉም ነበር። በአሥራ አምስት ቀኑ «ለሥራው ሲባል» የሚል የዝውውር ደብዳቤ ደረሰው። የተመደበበት ቦታ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ጓዙን ስንጭንለት ማናችንም ስለ ቅጹ አላነሳንም። በዚያው ሳምንት እኔ በተራዬ «ተማሪዎቼ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ዓመታት ሁሉ ተማሪዎቼ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነበሩ።

ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ሃምሳ ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። እንደ ብዙዎቻችን መሃል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ጀመርኩ። ከዚያ በደቡብ ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆኜ ገባሁ፤ ከሥራ በኋላ እየተማርኩ የማስተማር ፈቃዱን አወጣሁ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ሥራዬ ገና በእንግሊዝኛ አፋቸውን ያልፈቱ ልጆችን በትንንሽ ቡድን እየወሰዱ ማስተማር ነበር። ቤታችን ከከተማው በስተሰሜን ሾርላይን ነው፤ በየጠዋቱ ባቡሩ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳየኝ ነበር። ስለ ደመወዙም ስለ ወረቀቱ ብዛትም አልጽፍም፤ ያየ ያውቃቸዋል።

ሥራውን ያስተማረችኝ ሚስ ዶሮቲ ናት። እኔ ስገባ በማስተማር ሠላሳ ዓመት ልትደፍን ተቃርባ ነበር፤ ቀጭን ናት፣ ስትስቅ ኮሪደሩ በሙሉ ይሰማል። በትምህርት ቤታችን የመምህራን ማኅበሩ ተወካይም እሷው ነበረች። ልጅን «ገባህ?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። «አልገባኝም የሚል ልጅ አይቼ አላውቅም፣ ምን ያደርግልኛል?» ትላለች። መጽሐፉን ትዘረጋና ሥዕሉን በመዳፏ ትሸፍናለች። ከዚያ ገጹ መጨረሻ ላይ ካለው ዐረፍተ ነገር አስጀምራ ወደ ላይ ታስነብባለች። በዚህ ጊዜ የልጁን ድምፅ አትከታተልም፤ ዓይኑን ነው የምታየው፤ ፊደሉ ላይ ነው ወይስ ጣሪያው ላይ?

መጀመሪያ ሳያት ሳቄ መጣ። ቄስ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ የኔታም እንዲሁ ነበሩ። ሀሁን በዜማ ስንዘልቀው አያምኑንም። ያው ፊደል ቦታው ተቀያይሮ የተደረደረበትን አቡጊዳን ያመጡና በስንደዶ እየነኩ «ይቺ ማን ናት?» ይላሉ። ሀሁን የሚያወርድ ልጅ እያነበበ ሳይሆን እያዜመ ሊሆን ይችላላ። ይህን ለዶሮቲ ነገርኳት። ደስ አላት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ስታገኘኝ «ጌታሁን፣ ዛሬ ማንን አቡጊዳ እናድርግ?» ትለኝ ጀመር። ከዚህ የተሻለ ሥልጠና እዚህ አገር አልሰጡኝም።

ሥልጠናማ ሞልቷል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚለው ተረት ለዚህ አገር ትምህርት ቤት የተተረተ ይመስለኛል። በየመስከረሙ አንድ አማካሪ ባለቀለም ማኅደር ታቅፎ ይመጣል። አንድ ዓመት ግድግዳው በሙሉ የትምህርት ግብ ይለጠፍበት ተባለ፤ በዓመቱ ግድግዳው የልጆቹን ሐሳብ ይበትናል ተብሎ ተገነጠለ። አንድ ዓመት ለእያንዳንዱ ልጅ ታብሌት ይታደል ተባለ፤ ኋላ ታብሌቱን ቆልፉበት ተባለ። አልሸሹም ዞር አሉ። ከመጡት ውስጥ አንድ እንኳ አንድ ልጅ ፊቱ አስቀምጦ ሲያስነብብ አላየሁም። ጅሎች ናቸው አልልም፤ እኔ የምጠይቀው ማኅደሩን የሸጠው ማነው ብዬ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የማን ልጅ ነህ ሳይል የሚያስገባ በር ነው። በእኛ ሰፈር በዚያ በር የሚገቡት ደግሞ ወላጆቻቸው ሁለት ሥራ የሚሠሩ፣ የቅሬታ ደብዳቤ የመጻፊያ ጊዜ የሌላቸው ልጆች ናቸው። ስለዚህ የመጣው ሁሉ እጁን ይለማመድበታል። ይህን ዛሬም አምናለሁ።

ማኅበሩንም ቢሆን አላመንኩትም። ዶሮቲ የአባልነቱን ቅጽ ስትሰጠኝ «ግዴታ ነው?» አልኳት። «አይደለም፣ በፈቃድህ ነው» አለች። ግዴታ ነው ብትለኝ ያኔውኑ እፈርም ነበር፤ በፈቃድህ ስትለኝ ጠረጠርኩ። ሁለት ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ በአንዱ የትምህርት መጀመሪያ ማኅበሩ የሥራ ማቆም አድማ መታ። እኔም ወጣሁ፤ ግን ከሁሉም ኋላ ቆሜ፣ የሰጡኝን መፈክር ፊቴ ላይ ጋርጄ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ያነሳናል። ቀስ ብዬ ወደ ዛፉ ዞር አልኩ። ሰውዬው መንገዱን ተሻግሮ ተከተለኝ። ለካ የተማሪዬ አባት ኖሯል፤ በሌላው እጁ ሳምቡሳ የሞላ ትሪ ይዟል።

«ጋሼ ጌታሁን፣ ምነው ተደበቁ? አንድ ፎቶ ላንሳዎትና ለልጄ ላሳያት እንጂ። ቲቸርሽ ለአንቺ ብሎ ነው ደጅ የቆመው እላታለሁ።»

«ፎቶው ይቅርብኝ» አልኩና ሳምቡሳውን ወሰድኩ።

ከዚያ በኋላ ክፍሎቻችን በልጅ ብዛት ቀለል አሉ፤ ሊቀነሱ የነበሩ ረዳቶችም ሥራቸው ላይ ቆዩ። ፈረምኩ። ያም ሆኖ ይኸው ማኅበር ዓመቱን ሙሉ ፊልም እየከፈተ ልጆችን ሲያስተኛ ለኖረ አንድ መምህር ሽንጡን ገትሮ ሲከራከር አይቻለሁ። በጣም ነበር የተናደድኩት። እዚህ የሚያስተምሩ የእኛ ወጣቶች ሲጠይቁኝ «ግቡ፣ ግን እያያችሁ ግቡ» ነው የምላቸው።

ሥራ ማቆሙ ባለፈ በዓመቱ አዲስ ርእሰ መምህር መጣ፤ የለውጥ ሰው ነው ተባለ። ረቡዕ ረቡዕ ልጆቹ ቀደም ብለው ስለሚለቀቁ መምህራን በቡድን እንሰብሰብ አለ። ስንት ስንት? አምስት አምስት። አንድ አስተባባሪ ይኖረናል። ለእያንዳንዱ ልጅ የንባብ ቅጽ ይሞላል፤ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ካጠራጠረ ቢጫ፣ ካቃተው ቀይ። ቅጹ ወደ ቢሮ ይሄዳል። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አንድ ለአምስት ባሕር ተሻግሮ ሬኒየር ቫሊ ድረስ ተከተለኝ አልኩ በሆዴ።

ጓደኞቼ ያለ ስጋት ቢጫውንም ቀዩንም ይቀባሉ። እኔ ልጆቼን በሙሉ አረንጓዴ አደረግኋቸው። አስተባባሪዋ ቅጹን አየችና «ሁሉም?» አለችኝ።

«ሁሉም በጥሩ ሁኔታ ላይ ናቸው» አልኳት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በዚያ ዓመት ነው ሀያት የመጣችው። ቤተሰቧ ከስልጤ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ገባች። አንድ ገጽ አንዴ ካነበብኩላት ሳትሳሳት ትመልስልኛለች፤ መገልበጥ ባለባት ቦታ ላይ ገጹን ትገለብጣለች፤ ጣቷንም በመስመሩ ላይ ታስኬዳለች። ቁርኣን ቤት የቀራች ልጅ ናት፤ ጆሮዋ የያዘውን አይጥልም። ሁለት ወር ሙሉ እያነበበች መሰለኝ። ማታለሏ አልነበረም፤ ማንበብ ማለት ይሄ ይመስላት ነበር። አንድ ጠዋት ሥዕሉን ሸፈንኩና ከታች አስጀመርኳት። ዓይኗ የሚፈልገው የኔን ከንፈር ነው። በአማርኛ ፊደልም ሞከርኳት፤ አንዲት አላወቀችም። የኔታ አሳምረው ያስተማሩኝን ነገር እኔው ሁለት ወር ዘግይቼ ደረስኩበት።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቅጹ ፊቴ ተቀመጠ። እጄ ቀዩ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ይመር ትዝ አለኝ፤ ጓዙን ስንጭን። በእኛ ሰዎች ዘንድ የሚወራውም ትዝ አለኝ፤ ልጅሽ ላይ መጥፎ ከተጻፈ ሰው ቤትሽ ይልካሉ፣ ኋላ ይወስዱብሻል ይባላል። ለሀያት ብዬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ለራሴ ነው፤ ቀይ ልጅ የሚቆጠረው በአስተማሪው ላይ ነው ብዬ ፈርቻለሁ። አረንጓዴ ቀባኋትና ሌላው ሳያውቅ እኔው አስተምራታለሁ አልኩ።

አስተማርኳትም፤ ለስድስት ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት። ፊደላቱን መለየት ጀመረች፤ የስሟን ድምፆች ለየች፤ አንድ ቀን ግድግዳ ላይ የተጻፈ አጭር ቃል ማንም ሳይነግራት አንብባ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ከዚያ የፈተና ወቅት መጣ። የእኔ ዓይነቱ መምህር በፈተና ወቅት አያስተምርም፤ ልጆቹን በየተራ እያስገባ ይፈትናል፤ ሁለት ወር ይፈጃል። የምሳ ሰዓቴም ሄደ። እንዳናስተምር አድርገው ሲያበቁ አስተምራችኋል ወይ ይሉናል። ይህን በየስብሰባው አማርሬ ስናገር ኖሬያለሁ፤ ትክክልም ነኝ። ነገር ግን ፈተናው አልቆ ወደ ሀያት ያልተመለስኩት እኔ ነኝ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንብኝ። ዓመቱ ሲለወጥ ያለፈው ዓመት አረንጓዴ መዝገቡ ላይ ተቀምጧል። አሁን ቀይ ብላት የመጀመሪያው ውሸቴ ይወጣል። አራተኛ ክፍልም አረንጓዴ፣ አምስተኛ ክፍልም አረንጓዴ አልኳት። በመንግሥት ፈተና ስትወድቅ ደግሞ «ገና እንግሊዝኛዋ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

እናቷ ከድጃ ኤርፖርት ጽዳት ትሠራለች። ሬኒየር መንገድ ላይ፣ እዚህ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከሚገዛበት የሃላል ሥጋ ቤት አላጣትም። ሁልጊዜ ጥያቄዋ አንድ ነው።

«መምህር፣ ልጄ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ጎበዝ ናት።»

«አልሃምዱሊላህ። ሌላ ቲቸር ቢለኝ አላምንም ነበር፤ አንቱ ስላሉኝ ነው።»

ያዘዝኩትን ሥጋ ሳልወስድ የወጣሁበት ቀን አለ።

ሀያት አምስተኛ ክፍል ልትጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀራት አንዲት የንባብ ስፔሻሊስት ተቀጠረች። ያ የለውጥ ሰው የተባለው ርእሰ መምህር በሁለት ዓመቱ ወደ ከፍተኛ ቢሮ ተሻግሮ ነበር፤ የለውጥ ሰዎች ፍሬውን ለማየት አይቆዩም። በቦታው ሌላ ርእሰ መምህርት ነበረች። ስፔሻሊስቷ ሀያትን አስቀምጣ ስታስነብባት ልጅቷ ምንም አታነብም። መዝገቡን ስታይ ሦስት ዓመት በሙሉ በደንብ ታነባለች ይላል። ስለዚህ ልጅቷ የነበራትን ችሎታ ያጣች መሰላት፤ ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታለች፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚደረግባት ነገር አለ ብላ ጠረጠረች። እናቷ ትጠራ ተባለ። የተቀጠረው አስተርጓሚ መምጣት ስላልቻለ ርእሰ መምህርቷ «አንተ ታስተረጉምልናለህ?» አለችኝ። እሺ አልኩ። ቀለሙን የቀባው ማን እንደሆነ እሷ አታውቅም፤ ቅጹ ላይ ያለው የመምህሩ ስም ሳይሆን የቡድን ቁጥር ነው።

ለዶሮቲ ሁሉንም ነገርኳት። ጡረታ ልትወጣ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«እንደ ማኅበሩ ተወካይ የምነግርህ፣ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ ነው። አስተርጉምና ውጣ። ይኸው ነገርኩህ፣ ሥራዬን ጨረስኩ» አለች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። «እንደ ዶሮቲ ደግሞ፣ ያቺ እናት ልጅሽን ምን አደረግሻት ተብላ ስትጠየቅ ዝም ካልክ ነገ አጠገቤ እንዳትቀመጥ።»

ከስብሰባው በኋላ የመጣውን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከዚያ እንዳያልፍ የተከራከረልኝ ያው ማኅበር ነው፤ ለፊልሙ መምህር በተከራከረበት አፉ። ሀያት ኋላ ማንበብ እንደቻለች ከሰው ሰምቻለሁ፤ መካከለኛ ደረጃ ከገባች በኋላ፣ እኩዮቿ ወፍራም መጽሐፍ ሲይዙ እሷ የሕፃን መጽሐፍ ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ እየዞረች። ያስቻሏት ሌሎች ናቸው።

የስብሰባው ዕለት ከድጃ የሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጣች። «ኮል አድርገውልኝ ከሥራ አስፈቅጄ ነው የሮጥኩት። ምን ሆነችብኝ መምህር?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። እኔን በማየቷ ቀለል እንዳላት ያስታውቃል። ርእሰ መምህርቷና ስፔሻሊስቷ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጡ።

ስፔሻሊስቷ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ለስለስ አድርጋ ነው የጠየቀችው። እኔም ተረጎምኩ። «ሀያት ድሮ ታነብ ነበር፣ አሁን አታነብም ነው የሚሉት። ወድቃ ታውቃለች ወይ? ቤት ውስጥ የሚያስፈራት ሰው አለ ወይ?»

ከድጃ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «ቤት ውስጥ? ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ነን እኮ። እኔን ነው የሚሉት?»

ያንንም ተረጎምኩ። ስፔሻሊስቷ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ከድጃ የብዕሩን ጫፍ እያየች ድምፅዋ ተለወጠ።

«መምህር፣ ታነብ ነበር ብሎ የጻፈው ማነው? እሱን ይጥሩልኝና እኔ ልጠይቀው።»

ተረጎምኩ። ርእሰ መምህርቷ ወረቀቱን አገላበጠችና «ቡድን ሦስት ነው የሚለው፣ ቡድኑም በቅርቡ ተበትኗል» አለች። እዚያ ላይ ላቆም እችል ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ እዚያ ላይ ሳቆም ነው የኖርኩት።

«እኔ ነኝ፣ ከድጃ» አልኩ። «አታነብም ነበር። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቅ ነበር።» ከዚያ ለሁለቱ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። ስፔሻሊስቷ ቀና ብላ አየችኝና ቀደም ሲል የጻፈችውን ሰረዘችው።

«ሥጋ ቤት ስጠይቅዎትስ?» አለች ከድጃ።

«ያኔም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ፈርቼ ነው።»

«ማንን?»

የወሎው ጠርናፊ ስሙ እንኳ ጠፍቶብኛል። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ አንዳቸውም የሚያስፈሩ አልነበሩም።

ከድጃ ሻርፗን አስተካክላ ወደ ርእሰ መምህርቷ ዞረች። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አላየችም። «ሌላ አስተርጓሚ ያምጡልኝ» አለች በአማርኛ።

ቃሏን ሊያደርስላት የሚችል ሰው ከእኔ ሌላ አልነበረም። አደረስኩ።

«ለምን?» አለች ርእሰ መምህርቷ፣ እሷም ከድጃን እያየች።

«እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። ይሄ ሰውዬ የኔን ቃል ይንገርዎት፣ የራሱን ይንገርዎት በምን አውቃለሁ?»

አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩትና ተነስቼ ወጣሁ።